ቱቶሪያሉ ነፃ ነው፣ ልጆቹ ግን አይመጡም

ሰላም ለናንተ ይሁን። የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው፣ ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፣ የጸሐፊዋን ስምና ሰፈር ደግሞ አውጥቻለሁ።

«እትዬ እንደምን አሉ። የ24 ዓመት ልጅ ነኝ፣ በሒሳብ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ። መስከረም ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የሰፈራችንን የዕድር አዳራሽ ለምነን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ነፃ ቱቶሪያል ጀመርን። ያሰብነው ለችግረኞቹ ነበር፣ ሊስትሮ ለሚሠሩት፣ ኩበት ለሚሸጡት፣ ከወለጋ ተፈናቅለው ለመጡት። መጀመሪያ 43 ልጆች መጡ። አሁን የሚመጡት 15 ናቸው፣ እነሱም እናታቸው አጥባ አልብሳ የምትልካቸው፣ ቤታቸው ደህና የሆነ ናቸው። የሌሎቹን ቤት ሄጄ ስጠይቅ 'ቅዳሜ እኮ ገበያ ነው' ይሉኛል፣ አንድ አባት ደግሞ 'አሥራ ሁለተኛ የጨረሱትስ መች አለፉ' አለኝ። ከሚመጡትም ውስጥ 5ኛ ክፍል ደርሰው ማንበብ የማይችሉ አሉ፣ ክፍልፋይ ላስተምር ስል ዝም ብለው ያዩኛል። አንዷ ጓደኛዬ ሥራ አግኝታ አዲስ አበባ ገባች። ከሁሉም ጎበዝ የነበረችው የ12 ዓመት ልጅ ጥር ላይ አዲስ አበባ ሰው ቤት ልትቀጠር ነው አሉኝ። አንድ ሰውዬ ቦርሳና ደብተር እናመጣለን ግን ልጆቹ ሲቀበሉ ቪዲዮ እንቀርጻለን ብሎናል። እናቴ 'መጀመሪያ ራስሽን ቻይ' ትለኛለች። ልዝጋው ወይስ ልቀጥል? ግራ ገባኝ።»

የኔ ልጅ፣ አትዝጊው። ግን እንዲህ እንዳለ አትቀጥይበት፣ ቀኑንም ሰዓቱንም የምታስተምሪውንም ቀይሪ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ ብዙ ሰው 15 ልጅ ከመጣለት ፕሮግራሙ ሰምሯል ብሎ ፎቶ ለጥፎ ያልፋል፣ አንቺ ግን ማን እንደቀረ አየሽ፣ ቤታቸው ድረስ ሄደሽ ጠየቅሽ፣ ስለዚህ የምነግርሽ ነገር እንደሚገባሽ አውቃለሁ።

ነፃ ሆኖ ለምን አይመጡም ብትይ፣ ለነሱ ነፃ አይደለማ። ለሊስትሮው ልጅ ቅዳሜ የሳምንቱ ዋና ቀን ነው፣ ባላገሩ ገበያ ይወጣል፣ ጫማው ጭቃና አቧራ ነው፣ ከጠዋት እስከ ቀትር አስፋልት ዳር ሳጥኑን ይዞ የተቀመጠ ልጅ በሌላው ቀን የማያገኘውን ያገኛል። ኩበት የምትሸጠዋም እንደዛው፣ ሳምንቱን ሙሉ ስትለቅምና ስትጠፈጥፍ ከርማ ያደረቀችውን በማዳበሪያ ሞልታ አዝላ የምትወጣው ቅዳሜ ነው። አንቺ «ጠዋት ነፃ ትምህርት አለ» ስትያት እናትየው የምትሰማው «የቅዳሜ ገቢያችሁ ይቅር» የሚል ነው። እነዛ 15ቱ የሚመጡት ጎበዞች ስለሆኑ ሌሎቹ የሚቀሩት ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፣ 15ቱ ቅዳሜ ጠዋት የሚቀርባቸው ገቢ ስለሌለ ነው። ይሄን ቁጭ ብለሽ አስቢው፣ ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

በመንግሥት ትምህርት ቤትም እኮ ነገሩ ያው ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የለውም ይባላል፣ እውነትም ነው፣ ግን ደብተር አለ፣ እስክሪብቶ አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ ጫማ አለ፣ በየጊዜው መዋጮ አለ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ቤት ውስጥ የሚጎድል ጉልበት አለ። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና ዩኒሴፍ አብረው ሠርተው በ2011 ዓ.ም. ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ከ18 ዓመት በታች ከሆኑት 41 ሚሊዮን ያህል የኢትዮጵያ ልጆች 36 ሚሊዮኑ፣ በመቶኛ 88 ማለት ነው፣ ምግብ፣ ጤና፣ ንፁህ ውሃ፣ መጠለያ፣ ትምህርት ከመሳሰሉት መሠረታዊ ነገሮች ቢያንስ ሦስቱ የተጓደሉባቸው ነበሩ። ሦስቱ በአንድ ልጅ ላይ ማለት ነው። አንቺ ጋ የማይመጣው ልጅ ደብተር ብቻ አይደለም የጎደለው፣ ደብተሩን ብትሰጪው ማታ የሚያጠናበት መብራት የለም፣ መብራት ቢኖር ውሃ ቀድቶ ገና መምጣቱ ነው፣ መጥቶም ራት አልደረሰም። በአንዱ ጉድለት ብቻ ከመጣሽበት ሌሎቹ ይጎትቱታል።

ስለዚህ ሰዓቱ። ቅዳሜን ተይው። ማንንም ሳትጠሪ ሳትሰበስቢ የነዛን የቀሩትን ልጆች እናቶች አንድ በአንድ ሄደሽ «ልጅዎ የትኛው ቀንና ሰዓት ላይ ነው የማያስፈልግዎት?» ብለሽ ጠይቂ፣ «ትምህርት ይፈልጋሉ ወይ» ብለሽ አትጠይቂ፣ ለዛ ሁሉም አዎ ነው የሚሉሽ። እኔ እንደምገምተው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ተበልቶ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይስማማል፣ ደግሞም ፀሐይ አለ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለአንቺ አልነግርሽም፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሳይነሳ ሹራብ የሌለውን ልጅ በጠዋት ና ማለት ከባድ ነው። ትምህርት ቤታቸው በፈረቃ ከሆነ ደግሞ በሳምንቱ መሀል አንድ ቀን ጨምሪ፣ የጠዋት ፈረቃዎቹን ከሰዓት፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ይበቃል። ሙስሊም ቤተሰቦችም ካሉ ጠይቂያቸው፣ ሰዓቱ ከሶላት እንዳይጋጭ። አርፍዶ የመጣ ልጅ በር ላይ አይመለስ፣ የሊስትሮ ሳጥኑን ይዞ ከመጣም ጥግ ላይ ያስቀምጥና ይቀመጥ፣ ሳጥኑን ቤት አድርሰህ ና ካልሽው በዛው ነው የሚቀረው።

ይሄ የኛ ሀገር ችግር ብቻ አይደለም። ህንድ ውስጥ ፕራታም የሚባል ድርጅት አለ፣ የመንደር ወጣቶችን በፈቃደኝነት አሰልጥኖ ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች የሚያስተምር፣ ጃውንፑር በሚባል አካባቢ ሥራውን ተመራማሪዎች ተከታትለው አጥንተውት ነበር፣ ከነሱ መሀል አብሂጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ኋላ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኙት አሉበት። ያገኙት ምን መሰለሽ፣ የንባቡ ክፍል የመጡ ልጆች በጣም ተለወጡ፣ ፊደል የማይለዩት ለዩ፣ ግን ከማይችሉት ውስጥ የመጡት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። አስተማሪዎቹ ያንቺ ቢጤ የሰፈር ወጣቶች ነበሩ፣ ማስተማሩ ሠራላቸው፣ ያስቸገራቸው የልጆቹ መምጣት ነው። እና ከትምህርት ዝግጅትሽና ከመልመጃ ወረቀትሽ ላይ ሰዓት ቀንሰሽ ቤት ለቤት መዞሩ ላይ ብትጨምሪው ይሻልሻል። አንዷ ታስተምር አንዷ ትዙር፣ ሁለት የቀራችሁት ለዚሁ ትበቃላችሁ።

አሁን ወደ ክፍልፋዩ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ በጎ ሰው የሚደክመው እዚህ ጋ ነው። ክፍልፋይ አታስተምሪ። ማንበብ የማይችል የ5ኛ ክፍል ልጅ ላይ የ5ኛ ክፍል መጽሐፍ ከፍቶ ማስተማር ለልጁ ውርደት ነው፣ ላንቺም ድካም ነው። የሚቀጥለው ጊዜ ምንም አታስተምሪ፣ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጥግ ላይ አስቀምጠሽ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት አድርገሽ፣ የ2ኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ አስነብቢው። ጣቱን መስመሩ ስር ያድርግ። አንዳንዱ ገጹን በቃሉ ስለያዘው ጥርት አድርጎ ያነበንብልሻል፣ ዓይኑን ተከታተይ፣ ዓይኑ ሥዕሉ ላይ ወይ አንቺ ላይ ከሆነ እያነበበ አይደለም፣ ያላየውን ገጽ ግለጪለት። ያን ጊዜ እውነቱ ይወጣል። ሌላው ደግሞ ሀ ሁ ሂ ሃ ብሎ እስከ ፐ በዜማ ያወርድልሻል፣ ከመሀል «ጊ» ላይ ጣትሽን አሳርፈሽ ይቺ ማናት ስትይው ከ«ገ» ተነስቶ እያዜመ ካልሆነ አይደርስባትም። ይሄ ልጅ ፊደል ቆጠረ እንጂ ፊደል አልለየም።

የኛ የኔታዎች እኮ ይሄን ድሮ ያውቁት ነበር። ሀሁ የቆጠረን ልጅ ወዲያው ወደ ንባብ አይለቁትም፣ አቡጊዳ ያስቆጥሩታል፣ አ ቡ ጊ ዳ እያለ ፊደሉን ቅደም ተከተል አፍርሶ አዙሮ እንዲያውቀው፣ ከዛ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዛ ወንጌል፣ ከዛ ዳዊት። በንባቡም ቶሎ አያስሮጡትም፣ ፊደል በፊደል ቆጥሮ፣ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ አልፎ ነው አቀላጥፎ የሚነበበው ቁም ንባብ ላይ የሚደርሰው። አንድ ላይ የተቀመጡ ሃያ ልጆች ሃያ ቦታ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ማንም በዕድሜው አይመደብም፣ ያለበት ቦታ ላይ ነው የሚቀጽለው፣ የሚማረው ማለቴ ነው፣ ትልቁ ትንሹን ያስቀጽላል። አንኮበርም መንዝም ቡልጋም በዚህ ነው ማንበብ የተማረው፣ ያለ ክፍያ፣ ተማሪው በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሹን እየለመነ። አንቺም ልጆቹን በክፍላቸው አትመድቢያቸው፣ ባሉበት ቦታ መድቢያቸው፣ ፊደል የሚለዩ፣ ቃል የሚያነቡ፣ አረፍተ ነገር የሚያነቡ፣ ታሪክ አንብበው የሚነግሩ፣ አራት ቦታ። የ3ኛ ክፍሉና የ6ኛ ክፍሉ አንድ ቡድን ውስጥ ከወደቁ የ6ኛው እንዳያፍር ለትንሹ አስነባቢ አድርጊው፣ ሲያስነብብ ራሱ ይማራል። በሁለት ወሩ መልሰሽ ፈትኛቸውና ቦታ ቀያይሪ።

ሒሳቡን ደግሞ ካንቺ የሚያውቅ የለም፣ ግን አንድ ነገር ልበልሽ፣ ሊስትሮው ልጅ ሁለት ጫማ ጠርጎ አንድ መቶ ብር ሲሰጡት መልሱን ከኪሱ አውጥቶ ሳያቅማማ ይመልሳል፣ ያንኑ ሒሳብ ሰሌዳ ላይ በመቀነስ ምልክት ስትጽፊለት ያፈጥብሻል። ካለው ጀምሪ፣ መልሱን አፍ ላፍ አስወሪው፣ ከዛ የተናገረውን ራሱ በቁጥር ይጻፈው። መጽሐፍ ከፈለግሽ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ይገኛሉ፣ ሙሉውን አታሳትሚ፣ የምትፈልጊያቸውን ገጾች ብቻ ፎቶ ኮፒ አድርጊ።

«አሥራ ሁለተኛ የጨረሱትስ መች አለፉ» ያሉሽን አባት አትቀየሚያቸው። ያዩትን ነው የተናገሩት። በ2014 ከ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው፣ ወደ 900 ሺህ ተፈትኖ 30 ሺህ እንኳን አልሞላም፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። ከመቶው ዘጠና ምናምኑ ሲወድቅ ያየ ድሃ አባት ልጄን ለምን አስራ ሁለት ዓመት ልጠብቅ ቢል ምን ይፈረድበታል። በዛ ላይ ባለፉት ዓመታት በክልላችን በነበረው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከረመ፣ ስንት ሚሊዮን ልጅ ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆነ፣ ይሄንንም አይተዋል። ለኚህ ሰው ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ይገባል ብለሽ ቃል አትግቢ። ግን ያ ውድቀት 12ኛ ክፍል ላይ እንዳልተጀመረ ንገሪያቸው፣ የዓለም ባንክ እንደሚለው በሀገራችን የ10 ዓመት ልጅ ሆኖ ቀላል ጽሑፍ አንብቦ መረዳት የማይችለው ከ10 ልጆች 9 ያህሉ ነው፣ 12ኛ ላይ የወደቀው ልጅ 2ኛና 3ኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው። ከዛ ደግሞ ከሳቸው ኑሮ ተነሺ። ከባንክ ወይ ከቴሌብር መልእክት ሲመጣላቸው ስልኩን ለማን ነው የሚሰጡት? ለማያውቁት ሰው አይደል፣ ሱቅ በራፍ ላይ ቆመው፣ ስንት ብር እንደገባ ከሌላ ሰው አፍ እየሰሙ። ልጅዎ በሦስት በአራት ወር ይሄን ያነብልዎታል በያቸው፣ ይሄን ማድረስ ትችያለሽ። ልጁም እንደጀመረ ላኪውና ቤት ውስጥ ያንብብላቸው፣ ከዛ በኋላ እሁድን ራሳቸው ነው የሚጠብቁልሽ።

ምግብ አቅርቢ። ትልቅ ነገር አላልኩም፣ በሶ ይበቃል፣ ገብስ በሀገራችን ሞልቷል፣ ከዕድሩ እናቶች አንዳንዶቹ ጣሳ ጣሳ ገብስ ቢያዋጡ ቆልተው አስፈጭተው ወሩን ሙሉ ይዘልቃል፣ በጨውም በስኳርም በጥብጦ መስጠት ነው፣ ወይ ቆሎ በእፍኝ። ግን ለሁሉም ልጅ እኩል፣ ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ አይደለም። ተርቦ የመጣ ልጅ ፊደሉን ሳይሆን የበሶውን ባልዲ ነው ሲያይ የሚውለው።

አሁን የልጅቷን ነገር። ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ እሷ ናት፣ 12 ዓመቷ ነው ብለሻል። የሀገሪቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፣ የሰው ቤት ሥራ ደግሞ የሚያያት ሰው በሌለበት በር ተዘግቶ የሚሠራ ነው። ግን ሕግ ይዘሽ አትሂጂ፣ በመጀመሪያው ቀን አዋጅ የምትጠቅሺ ከሆነ በሩ ይዘጋብሻል፣ ልጅቷም ቶሎ ትላካለች። ከገና በፊት፣ ይሄን ሳምንት ሂጂ፣ ብቻሽን አትሂጂ፣ የቤተሰቡን የነፍስ አባት ወይ በዕድሩ የሚከበሩ አንዲት ትልቅ እናት ይዘሽ። እናትየዋን «ለምን ትልኪያታለሽ» አትበያት፣ ይሄ ጥያቄ ልቧን ያቆስለዋል፣ ልጇን ጠልታ የምትልክ እናት የለችም። «ደላላው በወር ስንት ይላካል ብሎ ነገረዎት?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚያልቀው እዛ ጋ ነው፣ የሚባለው ብር ስታሰይው የቤት ኪራይ ወይ የአንድ ኩንታል እህል ዕዳ ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ ያን ዕዳ ዕድሩ ለጥቂት ወራት በብድር ሊይዘው ይችላል፣ ወይ እናትየዋ ራሷ ሥራ እንድታገኝ ሰው ለሰው መናገር ይቻላል፣ ከተማው ውስጥ ፋብሪካው እየበዛ ነው። የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ቢሮም አለ፣ ለነሱ ቀድመሽ ንገሪ፣ ብቻሽን አትሸከሚው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ከተነሳች ግን ባዶ እጅሽን አትመለሺ። የምትገባበት ቤት አድራሻና የአሠሪዎቹ ስልክ በእናትየዋም ባንቺም እጅ ይኑር፣ ያንቺን ስልክ ቁጥር በቃሏ አስይዣት፣ ወረቀት ይጠፋል ይወሰዳልም። በየሳምንቱ ትደውል፣ ትምህርቷንም ማታ እንድትቀጥል ከአሠሪዎቹ ጋር ቀድሞ ንግግር ይደረግ። ልጅቷን ራሷን ለብቻዋ አናግሪያት፣ ምን እንደምትፈልግ ማንም አልጠየቃት ይሆናል።

ቦርሳና ደብተር እናመጣለን ላለሽ ሰው መልሱ አጭር ነው፣ ቦርሳውን እሺ፣ ቪዲዮውን እምቢ። አንድ ልጅ ደብተር ሲቀበል የተቀረጸው ቪዲዮ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉ ልጆች ያዩታል፣ «ያ የተለመነለት ልጅ» ይባላል፣ ትልቅ ሆኖ ሚስት ሲያገባም እዛው ይጠብቀዋል። ለጋሾቹ ማረጋገጫ ከፈለጉ የዕድሩ ጸሐፊ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ምን ያህል እንደተረከበ ይጻፍላቸው፣ የልጆቹን እጅና ደብተር ብቻ፣ ፊት የሌለበት ፎቶ ይበቃቸዋል። ካላመኑሽ ይሂዱ። ደብተር ከሰፈር ሰው ይዋጣል፣ የልጁ ፊት ግን አንዴ ከወጣ አይመለስም። እዚሁ ላይ ሌላም ልጨምር፣ ማናችሁም ብትሆኑ ከልጅ ጋር ብቻችሁን በተዘጋ ክፍል አትሁኑ፣ ሁሌ ሁለት አዋቂ ይኑር፣ አንዳችሁ ቤት ለቤት ስትዞሩ ከዕድሩ እናቶች አንዷ ትቀመጥ፣ በሩ ክፍት ይሁን፣ ማንም ልጆቹን ቤቱ ወስዶ አያስተምር፣ ሴት ልጆች ሳይመሽ ይግቡ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሰውን መጠርጠር እንዳይመስልሽ፣ ወላጅ የሚያምነው በዚህ ነው።

ማኅበር እናቋቁም፣ ፈቃድ እናውጣ የሚሉሽ ሰዎች ይመጣሉ። አሁን አያስፈልግሽም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጁ፣ 1113/2011፣ ዕድርና ዕቁብን አይመለከትም፣ አንቺ ደግሞ የዕድሩ ሥራ ሆነሽ ነው የምትቀጥይው። ቀበሌውና በአቅራቢያሽ ያለው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ይወቁት፣ ያ ይበቃል። ለፈቃድ ስትመላለሺ የምታጠፊውን ጊዜ ለልጆቹ ስጪ።

ጓደኛሽ ሄዳ ሰው አነሰኝ ብትይ፣ ያሉሽን ቁጠሪያቸው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የመምህራን ኮሌጁ አለ፣ ከነሱ ተማሪዎች ውስጥ በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚሰጥ አይጠፋም፣ ግን በሴሚስተሩ መጨረሻ እንደሚሄዱ እወቂውና ዋናውን ነገር እነሱ ላይ አታሳርፊ። ዋናዎቹ የሰፈሩ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ልጆች ናቸው፣ እነሱ የትም አይሄዱም፣ ልጆቹንም በስም ያውቋቸዋል። ልጅ ልጅን አያስተምርም የሚልሽ ካለ የመምህር አስፋው የምሩን ታሪክ ንገሪው፣ በዘጠኝ ዓመቱ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ያደረ ልጅ ነበር፣ ኋላ ጀኔራል ዊንጌት ገብቶ ሲማር፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ ሜዳ ላይ ዛፍ ሥር የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ፣ ያ ነው ኋላ አስረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት የሆነው፣ በነፃ ስንት ሺህ ልጅ ተምሮ ወጣበት፣ በ2001 እንደ ፈረንጆቹ ደግሞ የዓለም ልጆች ሽልማትን አገኘ። እናትሽንም ስለ መሠረተ ትምህርት ጠይቂያት፣ በዕድሜዋ ባትደርስበት እንኳን ቤተሰቧ ያወራታል፣ ሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሃይምነት ማጥፋት ዘመቻ ላይ ተማሪ፣ አስተማሪ፣ መለዮ ለባሽ ሳይል ወጥቶ አስተማረ፣ በዓመቱ ዩኔስኮ ሸልሞታል። በዘመኑ ብዙ ክፉ ነገር ነበር፣ አልክድም፣ ግን በሰንበቴ ቤት፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ስማቸውን መፈረም የቻሉ አያቶች ዛሬም በየቤቱ አሉ። የኛ ሰው ትምህርት ሰፈሩ ድረስ ሲመጣለት ያውቅበታል።

እናትሽ ግን እውነት አላት። «ራስሽን ቻይ» ስትል ልጆቹን ተያቸው ማለቷ አይመስለኝም፣ ነገ ያንቺን ነገር ፈርታ ነው። አትሟገቻት። ሥራ ማመልከትሽን አንድም ሳምንት አታቋርጪ። እስከዛው ደግሞ ይሄን አስቢበት፣ እነዛ ቤታቸው ደህና የሆነው 15 ልጆች ወላጆች ውስጥ ለቱቶር መክፈል የሚችሉ አሉ፣ በሒሳብ የተመረቀ ሰው ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። በሳምንቱ መሀል ቤታቸው እየሄድሽ ተከፍሎሽ አስጠኚ፣ ሳታፍሪ ተገቢውን ዋጋ ጠይቂ። እሁድ ግን ልጆቻቸው ከፈለጉ ይምጡ፣ በሩ አይዘጋባቸው፣ ማንበብ የሚችሉት አስነባቢ ይሁኑ፣ ድሃው ከደህናው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ መቀመጡ ለሁለቱም ይጠቅማል፣ ብቻ ቦታው የተከፈተው ለማን እንደሆነ አትርሺ፣ አዳራሹ ከጠበበ ቅድሚያ ለችግረኞቹ። ሥራ ያገኘሽ ቀን ደግሞ ሂጂ፣ አትሳቀቂ። ከአሁኑ የልጆቹን ስም፣ ማን የት ቦታ ላይ እንደደረሰ፣ የእናቶቹን ስልክ በአንድ ደብተር ጽፈሽ ያዢ፣ ደብተሩን ለሚተካሽ ታስረክቢያለሽ። ዕድሩም የሠራሽበትን የምስክር ወረቀት ይጻፍልሽ፣ ለሥራ ማመልከቻሽ ይሆናል።

43 ልጅ መልሼ ላምጣ ብለሽ አትነሺ። ከቀሩት ውስጥ አሥሩን ያዢ፣ ስማቸውን የምታውቂያቸውን፣ ቤታቸውን የምታውቂውን፣ እነሱ ፋሲካ ሲደርስ አንድ ገጽ አንብበው ከጨረሱ ሌሎቹን ወሬው ራሱ ያመጣቸዋል። እኔንም ልጅቷ ምን ላይ እንደደረሰች ጻፊልኝ፣ ለሷ ቤት ኪራይ የሚጎድል ነገር ካለ ጭምር። ደብረ ብርሃን ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ፣ እናትየዋን ልትቀጥሩ የምትችሉ ወይ እሁድ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ያላችሁ፣ በዓምዱ አድራሻ ላኩልኝና አገናኛችኋለሁ።